በሽታ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት እየወሰዱ መከተብ፦ ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ የሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሉፐስ፣ ክሮንስ፣ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ፣ ሶሪያሲስ ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የብግነት ሕመም ላለባችሁ አዋቂዎች ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንዱ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አቁሞ ይከተብና ሕመሙ ይነሳበታል። ሌላው የሚወስደውን ሳይናገር ክንዱን ይሰጣል። ሦስተኛው «ላንተ ክትባት አይሆንም» ተብሎ ከበር ይመለሳል፤ በዚያው ይቀራል።

እኔ ሦስተኛው ነበርኩ። ሜቶትሬክሴት እየወሰድኩ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ልከተብ ሄድኩ። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይከተብም ተባልኩና ተመለስኩ። ሐኪሜን ሳልጠይቅ ሁለት ዓመት አለፈ። የተነገረኝ ስህተት ነበር። የሚከለከለው አንድ ዓይነት ክትባት እንጂ ሁሉም አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከታች መድኃኒት ስለማቆየት (ለጊዜው አለመውሰድ ማለት ነው) የተጻፉት ጊዜዎች ሐኪማችሁን ለመጠየቅ እንዲረዷችሁ ናቸው። በራሳችሁ አታቁሙ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ይቀንሳል። በድንገት ማቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

## 1. የመድኃኒታችሁን ዝርዝር ጻፉ

በአንድ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ መድኃኒት እነዚህን አስፍሩ፦ ስሙ፣ መጠኑ፣ በስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ መጨረሻ የወሰዳችሁበት ቀን፣ ቀጣዩ ቀን።

ዛሬ የምትወስዱትን ብቻ አትጻፉ። ባለፈው አንድ ዓመት የወሰዳችሁትን ሁሉ ጨምሩ። ሪቱክሲማብ አንዴ በደም ሥር ከገባ በኋላ ሥራው ለወራት ይቆያል። ሰዎች «አሁን ምንም አልወስድም» የሚሉት እዚህ ላይ ተሳስተው ነው። ኢሚውኖግሎቡሊን (ከሰው ደም የሚዘጋጅ አንቲቦዲ) ወይም ደም ወስዳችሁ ከሆነም ጻፉ። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ጀርምን የሚዋጋበት ፕሮቲን ነው። እነሱ ደግሞ የኩፍኝንና የጉድፍን ክትባት ለወራት ያዳክማሉ።

ከዚያ ዝርዝሩን በሁለት ክፈሉት።

- የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ፦ ሜቶትሬክሴት፣ አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት፣ ሳይክሎስፖሪን፣ በየቀኑ 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን፣ ባዮሎጂክ የሚባሉት (አዳሊሙማብ፣ ኢታነርሴፕት፣ ኢንፍሊክሲማብ፣ ሪቱክሲማብ)፣ እንዲሁም ቶፋሲቲኒብና ዘመዶቹ።
- በክትባት በኩል ብዙም የማያሳስቡ፦ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሰልፋሳላዚን፣ ሜሳላዚን፣ የሚቀባ ስቴሮይድ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የተወጋ ስቴሮይድ።

ሁሉም መድኃኒቶቻችሁ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ከወደቁ ነገሩ ቀላል ነው። በአብዛኛው እንደማንኛውም ሰው ትከተባላችሁ። ቢሆንም ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ።

## 2. ከዚህ በፊት የተከተባችሁትን አጣሩ

የክትባት ካርዳችሁን ፈልጉ። ካልተገኘ የተከተባችሁበትን ጤና ተቋም መዝገብ አስፈልጉ። እሱም ከሌለ ለኩፍኝ፣ ለጉድፍና ለሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ይቻላል። ምርመራው ሰውነታችሁ ውስጥ አንቲቦዲ መኖሩን ያሳያል።

ለሄፓታይተስ ቢ ምርመራው ከክትባቱ ይቅደም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቫይረሱ ተደብቆ ካለ እንደ ሪቱክሲማብና ሌሎች ባዮሎጂኮች ያሉ መድኃኒቶች ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ክትባቱ ራሱ ለጥቂት ሳምንታት የደም ምርመራውን ፖዘቲቭ ሊያስመስለው ይችላል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ያለ በሽታው የሚጨነቅ ሰው አለ።

ዶዝ አቋርጣችሁ ከነበር ከዜሮ አትጀምሩ። ከሦስት ሁለቱን ከወሰዳችሁ የቀረው አንድ ነው፤ ዓመታት ቢያልፉም።

## 3. ሕያው የሆነውንና ያልሆነውን ለዩ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ሕያው ክትባት የተዳከመ ግን መራባት የሚችል ጀርም ይይዛል። ጤነኛ ሰውነት በቀላሉ ይቆጣጠረዋል። የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት የተያዘ ሰውነት ላይቆጣጠረው ይችላል። ሕያው ያልሆነው የሞተ ጀርም፣ የጀርሙን ቁራጭ ወይም (ኤምአርኤንኤ ሲሆን) ሰውነት ቁራጩን የሚሠራበትን መመሪያ ብቻ ነው የሚይዘው። በሽታውን ሊያመጣ አይችልም። በእኛ ላይ የሚኖረው ችግር ቢበዛ ያነሰ መከላከያ መፍጠሩ ነው።

ሕያው፦ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ፣ ጉድፍ፣ ቢጫ ወባ፣ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት)፣ ሮታ (የሕፃናት ተቅማጥ ክትባት)፣ በአፍ የሚሰጥ ፖሊዮ፣ በአፍ የሚዋጥ ታይፎይድ፣ በአፍንጫ የሚረጭ ኢንፍሉዌንዛ።

ሕያው ያልሆነ፦ በመርፌ የሚሰጥ ኢንፍሉዌንዛ፣ የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች) ክትባት፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቴታነስ፣ ዲፍቴሪያና ትክትክ፣ ኤች ፒ ቪ (የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ)፣ ኤምአርኤንኤ የኮቪድ ክትባት፣ በመርፌ የሚሰጥ ፖሊዮ፣ በመርፌ የሚሰጥ ታይፎይድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አዲሱ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት።

ሁለቱን ዝርዝሮች እንደገና ተመልከቱ። ኢንፍሉዌንዛ፣ ፖሊዮና ታይፎይድ ሁለቱም ውስጥ አሉ። አልማዝ ባለጭራም የቆየ ሕያው ክትባት ነበረው። ስለዚህ የበሽታውን ስም ብቻ መጠየቅ አይበቃም። የምትጠይቁት ይህ ነው፦ «ይህ ክትባት ሕያው ነው ወይስ አይደለም?» ባለሙያው እርግጠኛ ካልሆነ ብልቃጡ ላይ ወይም ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ። መልስ ሳታገኙ አትወጉ።

## 4. ከመከተብ በፊት ሐኪማችሁን እነዚህን ጠይቁ

ወደ ክትባት ክፍል የምትሄዱት ሕመማችሁን የሚከታተለውን ሐኪም ካነጋገራችሁ በኋላ ይሁን። ስልክም ይበቃል።

1. የትኞቹ ክትባቶች ይጎድሉኛል?
2. ከነዚህ ውስጥ ሕያው አለ?
3. ማቆየት ያለብኝ መድኃኒት አለ? ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን?
4. መድኃኒቱን ባቆየሁበት ጊዜ ሕመሙ ቢነሳ ምን ላድርግ?

መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ይህ ታካሚ እነዚህን ሕያው ያልሆኑ ክትባቶች መከተብ ይችላል» የሚል ፊርማና ማኅተም ያለበት አጭር ወረቀት ብዙ ምልልስ ያስቀራል። እኔን በመጨረሻ ያስከተበኝ ይኸው ወረቀት ነው።

## 5. ጊዜውን አስተካክሉ

### ሕክምና ገና ካልጀመራችሁ

ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ይህ ነው። ሐኪሙ «ሜቶትሬክሴት እንጀምር» ወይም «ወደ ባዮሎጂክ እንሸጋገር» ባለ ቀን ስለ ክትባት አንሱ። ሕያው ያልሆኑት ከሕክምናው ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ሕያዎቹ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድመው ቢሰጡ ይመረጣል። ነገር ግን ሕመሙ ከባድ ከሆነ ለክትባት ሲባል ሕክምናው አይዘግይ። መገጣጠሚያ ወይም ኩላሊት እየተጎዳ መጠበቅ ዋጋው ይከብዳል።

ከባዮሎጂክ በፊት የሚደረግ የቆዳ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ካለባችሁ፣ ከኩፍኝ ክትባት ጋር በአንድ ቀን ይሁን። ካልሆነ ከክትባቱ በኋላ 4 ሳምንት ጠብቁ። በመካከሉ ከተደረገ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

### ሕክምና ላይ ካላችሁ፣ ክትባቱም ሕያው ካልሆነ

ደንቡ፦ መድኃኒታችሁን ቀጥሉ፣ ተከተቡ። ሕመሙ የተነሳበት ጊዜ ቢሆንም በአብዛኛው አይከለክልም። ለየት የሚሉት ሦስት ናቸው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተመው መመሪያ እንዲህ ይላል፦

- ሜቶትሬክሴትና ኢንፍሉዌንዛ። ሕመሙ የተረጋጋ ከሆነ ከክትባቱ በኋላ ለ2 ሳምንት ሜቶትሬክሴት ይቆያል። በሳምንት አንዴ ለሚወስድ ሰው ሁለት ዶዝ መዝለል ማለት ነው። ይህ ለኢንፍሉዌንዛ ብቻ ነው። መመሪያው ከማያካትተው ከኮቪድ ክትባት በቀር ለሌሎቹ ሕያው ያልሆኑ ክትባቶች ሜቶትሬክሴት አይቆምም። ሐኪማችሁን ቶሎ ማግኘት ካልቻላችሁ ክትባቱን አታሳልፉ። ተከተቡና ስለ መድኃኒቱ በኋላ ጠይቁ።
- ሪቱክሲማብ። ኢንፍሉዌንዛ ወቅቱ ሲደርስ ይሰጣል፤ አይጠበቅም። ሌሎቹ ክትባቶች ግን ቀጣዩ ሪቱክሲማብ የሚደርስበትን ጊዜ ይጠብቃሉ። ያኔ መጀመሪያ ትከተባላችሁ፤ ሪቱክሲማቡ ከ2 ሳምንት በኋላ ይሰጣል። በየ6 ወሩ የምትወስዱ ከሆነ ክትባቱ በ6ኛው ወር መጨረሻ ላይ ይውላል ማለት ነው። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ሰውነት አንቲቦዲ የሚሠራበት ሴል የለውም። መርፌው ከንቱ ይሆናል።
- ፕሬድኒሶሎን። በቀን ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ሁሉም ሕያው ያልሆኑ ክትባቶች ይሰጣሉ። 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኢንፍሉዌንዛ ይሰጣል። ሌሎቹ መጠኑ ቀስ በቀስ ከ20 በታች እስኪወርድ ሊቆዩ ይችላሉ።

### ክትባቱ ሕያው ከሆነ

ያለ ሐኪማችሁ ፈቃድ አትከተቡ። ሐኪሙ የግድ ነው ካለ መድኃኒቱ ከክትባቱ በፊትም በኋላም ይቆያል። ያው መመሪያ ለሜቶትሬክሴትና ለአዛታዮፕሪን ከክትባቱ በፊት 4 ሳምንት ይላል። ለቶፋሲቲኒብና ዘመዶቹ 1 ሳምንት ነው። ለአዳሊሙማብ ዓይነቶቹ በሁለት መርፌዎች መካከል ያለው ጊዜ ይታሰባል፤ በየ2 ሳምንቱ የሚወጋ ሰው 2 ሳምንት ይጠብቃል። ለሪቱክሲማብ 6 ወር ነው። ከክትባቱ በኋላ ለሁሉም 4 ሳምንት ነው። ከዚህ የረዘመ ጊዜ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ሐኪማችሁ የሚከተለውን ተከተሉ።

ሁለት ሕያው መርፌዎች ካሉ በአንድ ቀን ይሰጣሉ ወይም በመካከላቸው ቢያንስ 28 ቀን ይኖራል።

ቢጫ ወባ የጉዞ ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ነው የሚታሰበው። አታድርጉት። ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ተከትባችሁ ከነበር የምስክር ወረቀቱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ፈልጉት። ካልተከተባችሁና መከተብ ካልቻላችሁ ከሐኪም የሕክምና ምክንያት ማስረጃ አውጡ። የምትሄዱበት አገር ይቀበለው እንደሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። ወረቀቱ ድንበር ያሳልፋል፤ ከትንኝ ግን አያድንም። በሽታው ያለበት አካባቢ ከሆነ ጉዞውን ራሱን እንደገና አስቡበት።

## 6. የትኛው ይቅደም?

ሁሉንም በአንዴ ማግኘት ካልቻላችሁ ከእነዚህ ጀምሩ።

ኢንፍሉዌንዛ። በየዓመቱ፣ በመርፌ።

የሳንባ ምች። ሁለት ዓይነት አለ፤ ኮንጁጌትና ፖሊሳካራይድ። ኮንጁጌቱ ይቅደም። የባክቴሪያውን 20 ዓይነቶች የሚሸፍነው ኮንጁጌት ከተገኘ አንድ ጊዜ ይበቃል። 13 ወይም 15 የሚሸፍነው ከሆነ፣ 23 የሚሸፍነው ፖሊሳካራይድ ቢያንስ ከ8 ሳምንት በኋላ ይከተላል። በስህተት ባለ 23ቱን ቀድማችሁ ከወሰዳችሁ ኮንጁጌቱን ለመውሰድ 1 ዓመት ጠብቁ።

ሄፓታይተስ ቢ። በተለመደው መርሐ ግብር 3 ዶዝ ነው፤ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። በእኛ ዘንድ የሚዘለለው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከመጨረሻው ዶዝ 1 እስከ 2 ወር በኋላ የአንቲቦዲ ምርመራ አድርጉ። ውጤቱ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠብቃችኋል።

አልማዝ ባለጭራ። ሕያው ያልሆነው 2 ዶዝ ነው። ለሌላው ሰው በዶዞቹ መካከል ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። የመከላከል አቅሙ ለተቀነሰ ሰው ወደ 1 ወይም 2 ወር ማሳጠር ይቻላል። ክንድ በደንብ ያሳምማል፣ ያደክማል። ሥራ የሚበዛበት ቀን ዋዜማ ላይ አትያዙት።

ቴታነስ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። ኤች ፒ ቪ ለሌላው 1 ወይም 2 ዶዝ በሚበቃበት ዕድሜ እንኳ ለእኛ 3 ዶዝ ይመከራል።

## 7. የክትባቱ ቀን

- የመድኃኒት ዝርዝራችሁን፣ ካርዳችሁንና የሐኪሙን ወረቀት ያዙ።
- ትኩሳት ካለባችሁ ቀጠሮውን አዛውሩ። ቀላል ጉንፋን አይከለክልም።
- ሕመም ማስታገሻ አስቀድማችሁ አትዋጡ። ከክትባቱ በኋላ ካመማችሁ ግን ፓራሲታሞል ውሰዱ።
- ትከሻ ወይም ክርን በጣም ያበጠበትን ክንድ አትስጡ። ሌላኛውን ስጡ።
- ባዮሎጂክ መርፌያችሁ በዚያው ቀን ከሆነ ሌላ ቦታ ላይ ተወጉ። አለዚያ ቦታው ቢያብጥ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም።
- ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካላችሁ ተናገሩ። በቀጭን መርፌ ይወጋችኋል። ከዚያ ለ2 ደቂቃ ሳታሹ ተጫኑት።
- ከአንድ በላይ ክትባት በአንድ ቀን መውሰድ ይቻላል።

መርፌው ከመግባቱ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት እወስዳለሁ። ይህ ሕያው ነው?» ወረቀቱ ተነቧል ብላችሁ አትመኑ። ሰልፍ ሲበዛ አይነበብም።

ከመውጣታችሁ በፊት የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩ፣ ቀኑና ቀጣዩ ቀጠሮ ካርዱ ላይ መጻፋቸውን እዩ።

## 8. ከተከተባችሁ በኋላ

15 ደቂቃ እዚያው ተቀመጡ። ከዚህ በፊት በመርፌ ተቆጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ 30 ይሁን። ትንፋሽ ቢያጥር፣ ከንፈር ወይም ምላስ ቢያብጥ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍ ቢል ወይም ራስ ቢያዞር ወዲያው ባለሙያውን ጥሩ።

ለ1 ወይም 2 ቀን ክንድ ማመም፣ ድካም፣ ቀላል ትኩሳት የተለመደ ነው። ብብት ስር ዕጢ ሊያብጥ ይችላል። መገጣጠሚያም ለጥቂት ቀናት ሊቆረጥም ይችላል። ብዙዎች በዚህ ይደነግጡና ሁለተኛውን ዶዝ ይተዋሉ። አትተዉት፤ ግን ቀኑን መዝግቡ። ቁርጥማቱ ከሳምንት በላይ ከቆየ ወይም አዲስ እብጠት ካመጣ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

አትዘናጉ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከ2 ቀን በላይ ከቆየ «የክትባቱ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በእኛ ላይ ትኩሳት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በጣም ከታመማችሁ ደግሞ ሁለቱን ቀን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሂዱ።

## 9. ነገሩ ሲበላሽ

«አይሆንላችሁም» ብለው ቢመልሷችሁ። አትጨቃጨቁ፤ ምክንያቱን ጠይቁ። «ሕያው ስለሆነ ነው?» በሉ። ሕያው ካልሆነ የሐኪማችሁን ወረቀት አሳዩ። ካልተቀበሉ ከዚያው ሆናችሁ ለሐኪሙ ደውሉ። ዛሬ ባይሳካ ሌላ ቀጠሮ ሳትይዙ አትውጡ።

በስህተት ሕያው ክትባት ከወሰዳችሁ። የክትባቱን ስምና ሰዓቱን ጻፉ። በዚያው ቀን ሐኪማችሁን አግኙ። መድኃኒቱ ይቆይ ወይስ ይቀጥል የሚለውን እሱ ይወስናል። ለጉድፍ ክትባት ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ለሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካያችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ያልፋል። ግን ያንን መጠበቅ ያለባችሁ በሐኪም ክትትል ሥር ነው።

ሁለተኛው ዶዝ ካመለጠ። እንዳስታወሳችሁ ውሰዱ። አትድገሙ።

የሄፓታይተስ ቢ ውጤት ከ10 በታች ከሆነ። ክትባቱ አልያዘም ማለት ነው። ተጨማሪ ዶዝ ወይም ሙሉ ዙር ይደገማል።

ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ካለበት ሰው ጋር ከተገናኛችሁ። ሽፍታ እስኪወጣ አትጠብቁ። ለኩፍኝ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚሰጠው በ6 ቀን ውስጥ ነው። ለጉድፍ የተለየ ኢሚውኖግሎቡሊን አለ፤ ቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ የመጨረሻው 10 ቀን ነው። ወደ ጤና ተቋም ከመግባታችሁ በፊት ደውላችሁ ንገሯቸው፤ ሌላ ሰው እንዳይያዝ።

ውሻ ከነከሳችሁ። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ እጠቡ፤ ወዲያው ሂዱ። የእብድ ውሻ ክትባት ሕያው አይደለም። ምንም መድኃኒት ብትወስዱ አይከለከልም። የምትወስዱትን ግን ተናገሩ፤ ሙሉውን ዶዝና ኢሚውኖግሎቡሊን ያስፈልጋችኋል። አጭሩ መርሐ ግብር ላይበቃችሁ ይችላል።

## 10. አብረዋችሁ የሚኖሩት

ቤተሰቡ ቢከተብ እናንተም ትጠበቃላችሁ። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝና ጉድፍ ለእነሱ ይሰጥ። እናንተ ስላላችሁ ብቻ ልጆች ከኩፍኝ ክትባት አይቀሩም። ሦስት ጥንቃቄ ግን አለ። ሮታ የወሰደን ሕፃን ዳይፐር ለ4 ሳምንት ሌላ ሰው ቢቀይር ይሻላል፤ እናንተ ከቀየራችሁ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ። የጉድፍ ክትባት የወሰደ ልጅ ሽፍታ ካወጣ እስኪደርቅ አትቅረቡት። ልጁ በጠብታ የሚሰጥ ፖሊዮ ሊወስድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒታችሁን ለክትባት ሰጪው ንገሩ፤ በመርፌ የሚሰጠው ካለ እሱ ይመረጣል።

### ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ

ይህን ሳታነቡ አትለፉ። እንደ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ያሉ መድኃኒቶች በተለይ በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ከተወሰዱ ወደ ፅንሱ ይሻገራሉ። ከተወለደ በኋላም ለወራት ሰውነቱ ውስጥ ይቆያሉ። ቢሲጂ ደግሞ በብዙ ቦታ እንደተወለደ የሚሰጥ ሕያው ክትባት ነው። ኢንፍሊክሲማብ ትወስድ የነበረች እናት ልጅ ቢሲጂ ተከትቦ እንደሞተ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል።

ስለዚህ ከመውለዳችሁ በፊት ለሩማቶሎጂ ወይም ለአንጀት ሐኪማችሁ፣ ለማዋለጃ ክፍሉና ለሕፃናት ሐኪሙ ተናገሩ። ቢሲጂ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ወር ይዘገያል። የሮታን ጉዳይ የሕፃናት ሐኪሙ ይወስናል። ሕያው ያልሆኑት በቀናቸው ይሰጣሉ። የመድኃኒቱን ስምና መጨረሻ የወሰዳችሁበትን ቀን በእናት ካርዳችሁ የፊት ገጽ ላይ በትልቁ አስጽፉ። በወለዳችሁበት ሰዓት እናንተ መናገር ባትችሉ አጠገባችሁ የሚሆነው ሰው ካርዱን እንዲያሳይ አስቀድማችሁ ንገሩት።